ሻይ ወይስ ሳይ? የተፋቀ ፊደልና የጅማ ቡና

ባለፉት ጥቂት ዓመታት አንድ የፊደል ዓይነት የቡናውን ዓለም ወርሶታል። ሳታዩት አትቀሩም። ወፍራም ነው። ጥቁር ወይም ቡናማ ነው። ጠርዙ የተበላ፣ ሆዱ የተቧጨረ፣ ቀለሙ ያለቀበት ማህተም የመታው የሚመስል ነው። የተቆላ ቡና ፓኬት ላይ አለ፣ የካፌ ግድግዳ ላይ አለ፣ ቲሸርት ላይ አለ፣ «ቅዳሜ ማታ ላይቭ ባንድ» የሚል የቴሌግራም ፖስተር ላይም አለ። ፈረንጆቹ «ዲስትረስድ» ይሉታል። እኔ እዚህ «የተፋቀ ፊደል» እለዋለሁ።

የግራፊክስ ዲዛይነር አይደለሁም። ኢንጂነሪንግ ተምሬ ኮድ እየጻፍኩ የምተዳደር የጅማ ልጅ ነኝ። ግን ፎንት ሥዕል ብቻ አይደለም፣ ሶፍትዌር ነው። ግብዓት ይቀበላል፣ ሕግ ይከተላል፣ ውጤት ያወጣል፣ ባግም አለበት። ስለዚህ እንደ ሶፍትዌር ልገመግመው እችላለሁ። የቡናው ጉዳይ ደግሞ የማይመለከተው የለም፤ ጅማ አድጎ ስለ ቡና ጆንያ አስተያየት የሌለው ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ። የተፋቀ ፊደል በራሱ መጥፎ ነገር አይደለም። እኛ ጋ ሲመጣ ግን ሦስት ችግር ይዞ ይመጣል። አንደኛው የኮድ ችግር ነው፣ ሁለተኛው የፊደል ችግር ነው፣ ሦስተኛውና ዋነኛው የትርጉም ችግር ነው። በተራ እንያቸው።

ጆንያው ምን ይላል?

ቡና ላይ የምናየው የዚህ ፊደል አባት ጆንያ ነው። ለኤክስፖርት የተዘጋጀ የ60 ኪሎ ጆንያ በቅርብ አይታችሁ ከሆነ፣ ጽሑፉ ለጌጥ እንዳልተጻፈ ገብቷችኋል። የአገሩ ስም አለ። የቡናው ዓይነትና ደረጃ አለ፤ «ጅማ 5»፣ «ሊሙ 2» እንደሚባለው። ከሥሩ በእዝባር የተለያዩ ቁጥሮች አሉ። 010 የሚለው በዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት አሠራር የኢትዮጵያ መለያ ነው፤ ቀጥሎ የላኪው ቁጥር ይመጣል፣ ከዚያ የሎቱ ቁጥር። ባሕር ማዶ ያለ ገዢ አንድ ጆንያ ላይ ችግር ቢያገኝ፣ ወደ ኋላ ተከትሎ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው በዚያ ቁጥር ነው። ኮድ ለሚጽፍ ሰው ይሄ በቃ ዳታቤዝ ነው፤ ጆንያ ላይ የተመታ መለያ ቁልፍ።

መጻፊያው ስቴንስል ነው። ቆርቆሮ፣ ፕላስቲክ ወይም ወፍራም ካርቶን በፊደሉ ቅርጽ ይቆረጣል፣ ጆንያው ላይ ይጋደማል፣ ቀለም በብሩሽ ይደረግበታል። ጆንያው ልስልስ ወረቀት አይደለም፤ በወፍራም ክር የተሸመነ ነው። ቀለሙ የክሩን አናት ይነካል፣ በክሮቹ መሃል ያለውን ክፍተት ይዘላል። ከዚያ ጆንያው በትከሻ ይነሳል፣ መኪና ላይ ይወረወራል፣ መጋዘን ውስጥ ይደረደራል፣ ኮንቴይነር ውስጥ ይታሻል። መጨረሻ ላይ የምናየው «ውብ» የተፋቀ ጽሑፍ የዚህ ሁሉ ጉዞ ውጤት ነው። ማንም ውበት ብሎ አልፋቀውም። ጽሑፉን የጻፈው ሰው ቢችል ኖሮ ጨርሶ ባይፋቅ ይመርጥ ነበር፤ ቁጥሩ መነበብ አለበታ!

እንግዲህ ልብ በሉ። እውነተኛው ፍቀት ምክንያት አለው። ጆንያ ላይ ያለው ፍቀት የሽመናውን መስመር ተከትሎ ትንንሽ አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል። የላስቲክ ማህተም ከሆነ ጠርዙ ላይ ቀለም ይጠራቀምና መሃሉ ይሳሳል። የእንጨት ፊደል ከሆነ ጭረቱ የእንጨቱን ሥር ይከተላል። የታይፕራይተር ከሆነ ጠርዙ ይቦንናል። አብዛኛው በነጻ የሚወርድ የተፋቀ ፎንት ግን የሲሚንቶ ግድግዳ ፎቶ ተወስዶ ፊደል ላይ የተደፋበት ነው። የቡና ጆንያ ሊመስል ይፈልጋል፣ የሚመስለው ግን ቀለሙ የተላጠ ጋራዥ ነው።

ጥሩዎቹ እንዴት ሠሩት?

የፎንቱ ዓለም ይህን ነገር በቁም ነገር የሠራበት ዘመን ነበር። «ስቴንስል» የሚባለው ፊደል እ.ኤ.አ. በ1937 አሜሪካ ውስጥ ለኅትመት ሲወጣ ንጹህ ነበር፤ የሣጥንና የጆንያ ጽሑፍን አጥንት ብቻ ነው የወሰደው፣ ቆሻሻውን አልወሰደም። ኮምፒውተር ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። ኤሪክ ቫን ብሎክላንድና ዩስት ቫን ሮሱም የሚባሉ ሁለት ወጣት የኔዘርላንድ ዲዛይነሮች በ1989 «ቤዎልፍ» የሚባል ፎንት ሠሩ። ፊደሉ በታተመ ቁጥር ጠርዙን በዘፈቀደ ይቀይራል፤ ሁለት «ኤ» አንድ ዓይነት ሆነው አይወጡም። ይሄ በትክክል የፕሮግራመር ቀልድ ነው፤ ራንደም ፈንክሽን ፎንት ውስጥ መክተት። በ1991 ቫን ብሎክላንድ «ትሪክሲ»ን አወጣ፤ ምንጩ እውነተኛ የታይፕራይተር ጽሑፍ ነበር። በ1992 ደግሞ ቫን ሮሱም የማህተም፣ የስቴንስልና በእጅ መሣሪያ የሚታተም የፕላስቲክ ሌብል ፊደሎችን ከዕለት ተዕለት ዕቃ ላይ እያነሳ ወደ ፎንት ቀየረ።

የነዚህ ሥራዎች ብልጫ ምንድነው? ፍቀቱ ከየት እንደመጣ ያውቃሉ። ዕቃውን አይተውታል፣ ነክተውታል። ከነሱ በኋላ የመጣው ጎርፍ ግን የቅጂ ቅጂ ነው። ዛሬ እኛ ጋ የሚደርሰውም ያ ነው።

የመጀመሪያው ባግ፦ ሁለቱ «ኤም»

ፎንት ውስጥ እያንዳንዱ ፊደል አንድ ቅርጽ አለው። «ኤም» ግራ እግሩ ላይ ጭረት ካለበት፣ በጻፋችሁት ቁጥር ያው ጭረት ያው ቦታ ላይ ይመጣል። እውነተኛ ፍቀት ግን ራሱን አይደግምም። ስለዚህ አንድ ፊደል ሁለት ጊዜ ጎን ለጎን ሲመጣ ውሸቱ እዚያው ይጋለጣል።

በእንግሊዝኛ ይሄ አልፎ አልፎ ነው የሚያጋጥመው። እኛ ጋ ግን ጅማ ነው ያለነው። ከተማው ውስጥ የሱቅና የካፌ ስም አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ተደርድረው ነው የሚጻፉት። ኦሮሚያ ከ1991 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በላቲን ፊደል ነው የምትጽፈው፤ ቁቤ ደግሞ የሚጠብቅ ተነባቢንና የሚረዝም አናባቢን ደግሞ በመጻፍ ነው የሚያሳየው። የጅማን ስም በቁቤ ጻፉት፤ «ኤም» ሁለቴ ይመጣል። ሊሙ ብትሉ ሁለቴ። ጎማ ብትሉ ሁለቴ። የዞናችን የቡና አገሮች ስም ራሱ ለተፋቀ ፎንት ፈተና ሆኖ የተሰናዳ ነው የሚመስለው። ሁለቱ «ኤም» አንድ ዓይነት ቁስል ይዘው መንታ ሆነው ይቆማሉ። አንዴ ካያችሁት ዓይናችሁ ሌላ ነገር አያይም።

መፍትሔው አለ፣ አዲስም አይደለም። ኦፕንታይፕ የሚባለው የፎንት አሠራር ለአንድ ፊደል ሁለትና ሦስት ተለዋጭ ቅርጽ እንድናስቀምጥና ተመሳሳይ ፊደል ሲከታተል በራሱ እንዲያፈራርቅ ይፈቅዳል። ጥሩ የተፋቀ ፎንት የሚለየው በዚህ ነው። ፎንት ከማውረዳችሁ በፊት አንድ ፈተና ስጡት፤ የጅማን ስም በቁቤ ጻፉበት። ካለፈ ውሰዱት። ከወደቀ ተዉት።

ሁለተኛው ባግ፦ ሻይ ሳይ ሆነ

ከዚህ በኋላ ያለው የራሳችን ፊደል ጉዳይ ነው።

ላቲን የተፋቀ ፎንት ሲሞላ ለግዕዝ ፊደል የተሠራ በጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ታፔላው ላይ የሚሆነው ይሄ ነው፤ ቁቤውና እንግሊዝኛው ወፍራምና የተፋቀ ይሆናል፣ አማርኛው ከሥሩ በ«ኒያላ» ወይም በ«ኖቶ» ንጹህ ሆኖ፣ ከቢሮ ደብዳቤ ተቆርጦ የተለጠፈ መስሎ ይቆማል። አንዳንዱ ዲዛይነር ይሄ ያስጠላውና ፎቶሾፕ ከፍቶ አማርኛውን ራሱ ይፍቀዋል። ችግሩ እዚህ ይጀምራል።

ላቲን ፊደል ፍቀትን ይችላል። ትልቁን «ቢ» ግማሹን ብትበሉት ዓይን ይጠግነዋል። የኛ ፊደል ግን ሌላ ነው። ተነባቢው ሰፊው አካል ላይ ነው፣ አናባቢው ግን ትንሿ ጭረት ላይ ነው። «በ»ን «ቡ» የሚያደርጋት ጎኗ ላይ ያለች ቁራጭ መስመር ናት። «ቤ»ን ከ«ቢ» የሚለያት እግሯ ሥር ያለች ቀለበት ናት። «ሰ»ን «ሸ»፣ «ተ»ን «ቸ»፣ «ደ»ን «ጀ»፣ «ነ»ን «ኘ» የሚያደርገው አናቱ ላይ የተጋደመው ነገር ነው። ፍቀት ደግሞ መጀመሪያ የሚበላው ዳር ዳሩን ነው፤ አናትና እግርን። ማለትም በትክክል ትርጉሙ ያለበትን ቦታ።

ለሙከራ አንድ አጭር ስክሪፕት ጻፍኩ። ንጹህ ፊደል ይወስዳል፣ ጠርዝ ጠርዙን በዘፈቀደ ይበላል። ከዚያ እያንዳንዱ ካፌ በር ላይ ያለውን ጽሑፍ ሰጠሁት፤ «ሻይ ቡና ቤት»። ትንሽ ስጨምርለት «ሳይ በና ቢት» አወጣ። «ሳይ» እንግዲህ አንድ ነገር ሳይ ማለት ሊሆን ይችላል። «ቢት» ደግሞ ለኔ ሙያ የማይሆን አይደለም፤ ዜሮና አንድ። «በና» ግን ምንም ነው። «ሸማች» ብዬ ሰጠሁት፤ ሁለቱ አናቶች ሲሄዱ «ሰማት» ሆነ። የሸማቾች ማኅበር ወደ ሐሜት ማኅበር ተቀየረ ማለት ነው። «ጅማ»ን ብሰጠው «ድማ» አለኝ፤ ትግርኛ የምትችሉ «ደግሞ» ብላችሁ ታነቡታላችሁ።

መሳቅ ይቻላል። ግን ነገሩ ከቀልድ ያልፋል። አማርኛን አሁን ማንበብ የጀመረ ልጅ፣ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ሰው፣ ዓይኑ የደከመ አዛውንት ከልማዱ ተነስቶ አይገምትም፤ የተጻፈውን ነው የሚያነበው። ጅማ ላይ እንዲህ ዓይነት አንባቢ ብዙ ነው። እኛ ቃሉን ቀድመን ስለምናውቀው የምናልፈውን ስህተት እሱ ይወድቅበታል።

ሌላው የሥራው ብዛት ነው። ለእንግሊዝኛ የማሳያ ፎንት የሚሠራ ሰው 26 ትልልቅ ፊደል ሠርቶ ሊገላገል ይችላል። ለእያንዳንዱ ሦስት ተለዋጭ ቢሰጥ 78 ነው። ለአማርኛ 33 በ7 ሲባዛ 231 ፊደል ነው፤ እንደ «ሏ» እና «ቷ» ያሉትን ሳንቆጥር። ሦስት ተለዋጭ ሲሆን 693 ይደርሳል። በእጅ እያንዳንዱን መቧጨር የወራት ሥራ ነው፤ ማንም ደግሞ አይከፍልበትም። ስለዚህ አቋራጩን የሚይዘውን ዲዛይነር አልወቅስም። ግን ይሄ በኮድ የሚፈታ ችግር ነው። ለያንዳንዱ ፊደል «የማይነካ ክልል» መሳል ይቻላል፤ አናቱ፣ ቀለበቱ፣ የጎኑ ጭረት። ፍቀቱ ወፍራሙ ግንድ ላይ ብቻ ይፈቀድለታል። የቀረውን ማሽን ይሠራዋል። መነሻ የሚሆን ወፍራም ፊደልም አለ፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ እስከ ጥቁሩ ክብደት ድረስ በነጻ ይገኛል፣ ፈቃዱም ማሻሻልን ይፈቅዳል።

ለዚህ ሥራ ተፈጥረዋል የምላቸው የግዕዝ ቁጥሮቻችን ናቸው። ፩፣ ፪፣ ፭ ሁሉም ከላይና ከታች አንድ ዓይነት መስመር አላቸው። መስመሩ ለሁሉም አንድ ስለሆነ አንዱን ከሌላው አይለይም፤ ቢፋቅ የሚጠፋ መረጃ የለም። ፍቀት እዚያ ላይ ይሁን፤ መሃሉን አትንኩ።

ሦስተኛው ነገር፦ ማን ነው አሮጌ የሚመስለው?

እስካሁን ያልኩት በኮድ ይስተካከላል። ይሄኛው አይስተካከልም።

የተፋቀ ፊደል የሚሸጠው ስሜት አለ፤ «የድሮ ነን፣ የእጅ ሥራ ነን፣ ፋብሪካ አልነካንም» የሚል። ፖርትላንድ ወይም በርሊን ላለ ቡና ቆይ ይሄ ትርጉም አለው። ሕንጻው መስታወት ነው፣ ማሽኑ ብረት ነው፣ ደንበኛው ስልኩ ላይ ነው። ፍቀቱ የጎደለውን ሸካራነት ይሞላለታል። ጅማ ላይ ግን ምን ይሞላል? ሸካራነት መቼ ጎደለን?

የጅማ ቡና በዓለም ገበያ የቆየ ስም አለው፤ ስሙም እውነቱን ለመናገር የሚያኮራ ብቻ አልነበረም። «ጅማ 5» ሲባል ለነጋዴው የሚመጣለት ከነገለፈቱ በፀሐይ የደረቀ፣ ብዙ የሆነ፣ ርካሽ የሆነ፣ ከሌላ ጋር የሚቀላቀል ቡና ነው። 5 የሚለው ደረጃ ነው። ደረጃ ሲሰጥ ከሚቆጠሩት ነገሮች አንዱ ጉድለት ነው፤ የተሰበረ ፍሬ፣ የጠቆረ ፍሬ፣ ነቀዝ የበላው ፍሬ፣ ባዕድ ነገር። መንግሥት ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የቡና ስሞችን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲታገል፣ ከስታርባክስ ጋር የተጨቃጨቀባቸውና በ2007 የተስማማባቸው ስሞች ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ ነበሩ። ጅማ ከሦስቱ ውስጥ አልነበረችም።

ቀጥሎ በ2008 የኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጣ። ቡናው መጋዘን ሲገባ በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ከሌላው ጋር አንድ ላይ ይሸጥ ነበር። ለዋጋ መረጃና ለክፍያ ዋስትና ብዙ ጠቅሟል፤ የገበሬው ስም ግን መጋዘኑ በር ላይ ይቀር ነበር። ምንጩን ይዞ ለመሸጥ በሰፊው የተፈቀደው ከ2017ቱ ማሻሻያ ወዲህ ነው። ስለ መፋቅ ካወራን፣ እውነተኛው መፋቅ ይሄ ነበር። ፎንት አልነበረም፤ ስም ነበር።

በመሃሉ ግን አጋሮ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች አንድ ነገር አደረጉ። በኅብረት ሥራ ተደራጅተው ማጠቢያ ጣቢያ ተከሉ፤ ቀይ እሸቱን ብቻ ለቅመው፣ ፈልፍለው፣ አጥበው፣ አልጋ ላይ እያገላበጡ ማድረቅ ጀመሩ። ከነሱ አንዱ፣ ዱሮሚና የሚባለው (በአፋን ኦሮሞ መክበር፣ ባለጸጋ መሆን ማለት ነው)፣ በ2012 (እ.ኤ.አ.) የአፍሪካ ምርጥ ቡና ተብሎ ተሸለመ። «ጅማ 5» ሲባል ከኖረው አገር ነው ይሄ የወጣው።

እንዴት ነው የወጣው? በንጽሕና። የተሰበረችውን አንዲት ፍሬ ከመቶዎች መሃል በጣት ለቅሞ በማውጣት። አልጋው ዳር ቆመው ቀኑን ሙሉ ጉድለት የሚለቅሙት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። እና ያ ቡና ተቆልቶ ፓኬት ሲገባ ምን እንለጥፍበታለን? ጉድለት! የተሰበረ፣ የጠቆረ፣ ነቀዝ የበላው ፊደል። ለቃሚዋ ስታወጣው የዋለችውን ነገር እኛ ፊቱ ላይ እናትመዋለን።

ይሄ ማጋነን ነው የሚል አይጠፋም። «ገዢው እንደዛ አያስብም፣ ቆንጆ ነው ብሎ ነው የሚገዛው» ይባላል። ሊሆን ይችላል። ግን ጥያቄው ገዢው ምን ያስባል ብቻ አይደለም። እኛ ስለራሳችን ምን እያልን ነው የሚለውም አለ። ይሄን ፓኬት የሚያዩት አምራቾቹም ናቸው። አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን «ርካሹ ቡና» ሲባል ኖሮ በመጨረሻ ንጹሕ ሥራ ሠርቶ ሲያሳይ፣ ስሙን በተቧጨረ ፊደል መጻፍ ምስጋና አይመስለኝም።

ታዲያ የት ይሁን?

መልሴ «የትም አይሁን» አይደለም። ይሄ ፊደል የሚያምርበት ቦታ አለ፤ ትልቅ ሲሆን፣ ጥቂት ቃል ሲሆን፣ ተመልካቹ ቃሉን ቀድሞ ሲያውቀው። የኮንሰርት ፖስተር ላይ አንድ ስም። የካፌ ግድግዳ ላይ ሜትር የሚያክል «60»። ቲሸርት ጀርባ ላይ «ቡና»። እዚያ ፍቀቱ ድምፅ ይሆናል፤ ዘፋኝ ሲጎረንን እንደሚያምረው። የተቆላበት ቀን፣ የቀበሌው ስም፣ ዋጋ፣ ሜኑ ላይ ግን ቦታ የለውም። ስልክ ላይ አንሶ ሲታይ ደግሞ ጭረቱ ሁሉ ተደባልቆ ግራጫ ጭቃ ነው የሚሆነው፤ የዛሬ አንባቢ አብዛኛውን ነገር የሚያየው ደግሞ ስልክ ላይ ነው።

ዲዛይን ለምትሠሩ ሁለት ነገር ልበልና ልጨርስ። አንደኛ፣ ፊደሉን ንጹሕ ጻፉት፣ ቀለሙን አሳርጁት። ማለትም በጥሩ ወፍራም ፎንት ጻፉና ፍቀቱን መጨረሻ ላይ በጠቅላላው ጽሑፍ ላይ አንድ ጊዜ አድርጉት። ያኔ ሁለቱ «ኤም» መንታ አይሆኑም፣ የ«ሻ»ን አናት ደግሞ በእጃችሁ ማዳን ትችላላችሁ።

ሁለተኛው ይበልጥ ደስ ይለኛል። እኛ እኮ ያለነው ጅማ ነው። በርሊን ያለው ሰው ፍቀቱን ከኢንተርኔት የሚያወርደው ጆንያው ስለሌለው ነው። እኛ ጋ ጆንያ አለ፣ ካርቶን አለ፣ ምላጭ አለ፣ ቀለም አለ። «ጅማ» ብላችሁ ቁረጡ። ስትቆርጡ ወዲያው የምትማሩት ነገር አለ፤ የ«ማ» ሁለት ክፍሎች መሃላቸው ደሴት ስለሆነ ድልድይ ካልተዋችሁለት ተቆርጦ ይወድቃል። የ«ቀ» ሆድም፣ የ«ወ»ም እንዲሁ። ድልድዩን የት ታደርጉታላችሁ? ለላቲን ፊደል ይሄ ጥያቄ ከተመለሰ ቆይቷል። ለግዕዝ ፊደል ገና ክፍት ነው፤ መልሱን የሚያገኘው ደግሞ ቆርጦ፣ ጆንያ ላይ መትቶ፣ ያየ ሰው ነው። ያ ሰው የሚሠራው ፎንት የቅጂ ቅጂ አይሆንም። ጭረቱ የሽመናውን መስመር ይከተላል፣ አናቱ አይነካም፣ ቡናውም ቡና ተብሎ ይነበባል።

እስከዚያው የአጋሮን ቡና ስም በንጹሕ ፊደል ጻፉት። ንጹሕ ለመሆን ብዙ ተደክሞበታል።